ወላጆቼ ሳይቆርቡ የቀሩ ዕለት

ባለፈው ሰሞን የልጄ ልጅ ሀና "ፊልም ሠርቻለሁ፤ ካልመጣሽ እንኮራረፋለን" ብላ እጄን ይዛ ጎንደር ፒያሳ አወጣችኝ። ፊልም ሲባል እነዚያ ባለ ብዙ ገንዘቦቹ የሚሠሩት እንዳይመስላችሁ። አሠሪ የላቸው፣ ድርጅት የላቸው፤ ከጓደኞቿ ጋር ተሰባስበው፣ ካሜራውን ሰርግ ከሚቀርጽ ልጅ ተውሰው፣ የእኔን ሳሎን ሳይቀር አተረማምሰው ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው የሠሩት ነው። ሶፋዬ ፊልሙ ላይ አለ፤ እኔ የለሁበትም። "ምነው እኔንም ብታስገቢኝ?" ብላት፣ "እማማ፣ አንቺ ዝም በይ ስትባዪ ዝም አትዪማ!" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ፊልሙ የሚታይበት አዳራሽ ጣልያን ከሠራቸው ከእነዚያ ቢጫ ሕንጻዎች ጎን ነው። በልጅነቴ ያ መንገድ ሌላ መንገድ ነበር። ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን በረንዳ ላይ ደርድረው ሲረግጡ ድምፁ እንደ ዝናብ ይሰማል፤ ከአረብ ሱቅ ደጃፍ የላምባና የአዲስ አቡጀዴ ሽታ ተደባልቆ ይመጣል። ያንን ሽታ ዛሬ የትም አላገኘውም። ስሙኒ ይዞ የወጣ ሰው ስኳሩን በወረቀት አስጠቅልሎ፣ ክብሪቱን ጨምሮ፣ ለልጁ ከረሜላ ይዞ ይመለስ ነበር። ዘናጮቹ ካኪ ሱሪያቸውን በከሰል ካውያ አስተኩሰው፣ ጸጉራቸውን ቅቤ በሚመስል ነገር አብሰው ከወዲያ ወዲህ ይላሉ። አሁን ባጃጁ ያስደነብረኛል፤ ሀና ደግፋ ነው ያሻገረችኝ።

ፊልሙ የባልና ሚስት ፍቺ ነው። ሁለቱም ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ አልሆነላቸውም እንጂ። መሐላቸው አንዲት ትንሽ ልጅ አለች። እናቲቱ ቁርስ እያቀረበች "ለአባትሽ ንገሪው፣ ነገ የወላጆች ስብሰባ አለ" ትላታለች፤ አባትየው ከዚያው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ "ለእናትሽ ንገሪያት፣ ሰምቻለሁ" ይላል። ልጅቱ ማንኪያዋን እንደያዘች አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ታያለች። አዳራሹ ሙሉ ሰው እንባውን ይጠርጋል፤ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታለች። እኔ ግን ሳቄ አመለጠኝ። ሀና በክርኗ ጎሰም አድርጋኝ፣ "ምነው እማማ! እዚህ ላይ እኮ ነው ሰው የሚያለቅሰው!" አለችኝ።

"ልጄ፣ ያቺ እኮ እኔ ነኝ" አልኳት።

"አንቺም ወላጆችሽ ተፋትተው ነበር እንዴ?"

"ተፋትተውልኛል፤ ተመስገን!"

ከኋላችን ያለ ሰው "እሽሽ" ስላለን ዝም አልን። ከፊልሙ በኋላ ግን አልለቀቀችኝም፤ ቤት ገብተን እስክነግራት ድረስ። እናንተም ስሙት።

አገራችን ከማክሰኝት ዳገቱን ወጣ ብሎ ነው። ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ንጉሡ ተመልሰዋል፤ ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፣ አላውቀውም። የማውቀው፣ ያን ጊዜ የጣልያን ካፖርት የለበሰ ገበሬ ሞፈር ተሸክሞ ሲሄድ ብርቅ አልነበረም፤ ውኃ በጣልያን ጣሳ ይጠጣል፤ የጣልያኑ ጥርጊያ መንገድ ላይ ማኪና ሲያልፍ ከዳገቱ አናት ቆመን አቧራው እስኪጠፋ እናያለን። የእናቴ ስም ይርገዱ፣ የአባቴ አስረስ። እኔ ብርቄ የመጀመሪያ ልጃቸው ነኝ፤ ከኔ በታች ወንድሜ ምትኩ አለ። ሌላ ልጅ አልመጣም፤ እንዴት ይመጣል፣ የማይነጋገሩ ሰዎች!

እውነቴን ነው፣ አይነጋገሩም። መቼ እንደተዉት አላውቅም፤ እኔ አፍ ስፈታ ጀምሮ የነሱ አፍ እኔ ነኝ። እናቴ ምድጃው ጎን፣ አባቴ መደቡ ላይ፤ በመካከላቸው ያለው ቦታ አንድ ጥጃ ቢጋደምበት ይሞላል። ግን፣

"ብርቄ፣ ለአባትሽ በይው፤ ጤፉ ዛሬ ካልታረመ አረም በላው።"

ሰምቷል። ጆሮ አለው። እኔ እስክናገር ግን ይጠብቃል።

"አባዬ፣ ጤፉ ዛሬ ካልታረመ አረም በላው።"

"ለእናትሽ በያት፤ ዓይን አለኝ።"

"እማዬ፣ ዓይን አለኝ ይልሻል።"

"ካለውማ ይይበታ!"

እንዲህ ነው ቀኑ የሚመሽ። እህል ሲወቃ፣ ላም ስትወልድ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ሁሉም በኔ በኩል ነው። ከጎረቤት ልጆች ጋር እየተጫወትኩ "ብርቄ!" ሲሉኝ እግሬ ይከብደኛል። ነገሩን ላለዝብም ሞክሬ ነበር። አባቴ "ለእናትሽ በያት፤ ቤቱን የጭስ ጉድጓድ አደረገችው" ሲል፣ እኔ "ትንሽ ጭስ በዝቷል ይልሻል" ብዬ አሳምሬ ባስተላልፍ፣ እናቴ "ምነው ትዋሻለሽ? ደንቆሮ ነኝ?" ብላ በማማሰያ ልትለኝ ተነሳች። አባቴም ተናደደ፤ ያለውን አጉድያለሁና። ከዚያ ወዲህ እንደወረደ ነው የማደርሰው። ከባዱ ነገር ይሄ ነው፤ የሰውን ክፉ ቃል በራስ አፍ ማለት። እናቴን "ሙያ የለሽም" ያልኳት እኔ ነኝ፤ አባቴን "አንተን ያየሁበት ቀን ይጥፋ" ያልኩት እኔ ነኝ። ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር፤ እናቴ ኮሶ ነው ብላ ታጠጣኝ ነበር። ምትኩ ደግሞ እንደኔ አፍ የለውም፤ ሲጀምሩ ሹልክ ብሎ ከጥጃው ጎን ተኮራምቶ ይተኛል።

ምን እንዳጣላቸው ዛሬም አላውቅም። አባቴ አይጠጣም፣ እጁም አይነሳም። እናቴ ፈትሏ እስከ ማክሰኝት የታወቀ ሴት ናት። ለየብቻ ስታገኟቸው ሁለቱም ደግ ናቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ቤቱ ውስጥ አየር ያጥራል፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ አዝመራው ከገባ በኋላ፣ አያ ጎሹ የሚባሉ ጎረቤታችን፣ የመንደሩ አስታራቂ፣ ከነፍስ አባታችን ከአባ ተክሌ ጋር ቤታችን መጡ። ተቀመጡ፤ መረቁ፤ ከዚያ አባ ተክሌ፣ "እናንተ በሰማንያ ብቻ ስለተያያዛችሁ ነው ሰይጣን የሚጫወትባችሁ። አሁን ልጆችም አሏችሁ። ቁረቡና ይብቃ" አሉ። በሰማንያ የተጋባ ሊፋታ ይችላል፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ንብረቱን ያካፍላል፣ ያልቃል። አንድ ላይ የቆረበ ግን አለቀለት፤ መለያየት የለም። ወላጆቼ ምን አሉ? ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። በኛ አገር ሽማግሌ ፊት ዝም ማለት እሺ ማለት ነው። አያ ጎሹም እሺታውን ይዘው፣ ቀኑን ቆርጠው፣ ደስ ብሏቸው ተነሱ።

እስከ አጥሩ ሸኘኋቸው። "አያ ጎሹ" አልኳቸው፣ "ከቆረቡ በኋላ መነጋገር ይጀምራሉ?"

"እሱ ያውቃል ልጄ። ይጀምሩ ይሆናል።"

"ባይጀምሩስ? ያን ጊዜ ይፋታሉ?"

"እግዜር ይቅር ይበልሽ! የቆረበ ይፋታል እንዴ? እስከ ሞት ነው እንጂ።"

እስከ ሞት! ልጅ ናት ብለው ራሴን ዳበስ አድርገውኝ ሄዱ፤ እኔ ግን አጥሩን ይዤ ቀረሁ። እስከ ሞት ማለት እኔ አድጌ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ልጄን አዝዬ መጥቼ "አባዬ፣ እማዬ እንዲህ ትልሃለች" ማለት ነው። በልጅ ጭንቅላቴ ሌላ አልታየኝም። ያን ሰሞን የቤተ ክርስቲያን ደጅ ስሜ የጸለይኩትን ጸሎት ለማንም አልተናገርኩም፤ ሌላው ልጅ እናትና አባቴን አታለያይብኝ ይላል፣ እኔ የተገላቢጦሹን ነው የለመንኩት። እግዜር ምን ይለኝ ይሆን እያልኩ እፈራም ነበር።

መንደሩ ግን ሰርግ ሆነ። ጠላ ተጠመቀ፣ ሙክት ታሰረ። ለአባቴ አቡጀዴ ተገዝቶ እጀ ጠባብ ማክሰኝት ተሰፋለት፤ እናቴ በገዛ እጇ የፈተለችውን ቀሚስ አወጣች፣ ጠርዙ ላይ ቀይ ጥለት አለው፣ እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ። የጎረቤት ሴቶች ሲያገኙኝ ጉንጬን እየሳሙ፣ "አንቺ እድለኛ! እናትና አባትሽ ሊቆርቡልሽ!" ይሉኛል። "አሜን" እላለሁ። ምን ልበል?

ለመቁረብ ከዋዜማው ጀምሮ እህልም ውኃም አይቀመስም። ጧት ገና ጎህ ሲቀድ ተነስተን ወጣን። አባቴ ከፊት፣ እናቴ ከኋላ ምትኩን ይዛ፣ እኔ እንደልማዴ መሐል። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ወንዙ ጋ ስንደርስ እናቴ፣ "ለአባትሽ በይው፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል" አለችኝ። አልኩት። "ለእናትሽ በያት፤ ተሻግሬዋለሁ" አለኝ። አልኳት። በሁለቱም ፊት ላይ የሰርገኛ ነገር የለም፤ ለፍርድ የሚሄዱ ነው የሚመስሉት። እኔም እያንዳንዱን ዳገት ስንወጣ፣ አሁን ደረስን፣ አሁን አለቀልኝ እላለሁ።

ደጀ ሰላሙ ላይ አባ ተክሌ ነጭ ለብሰው፣ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። አያ ጎሹ አሉ፤ ሴቱ ወንዱ ነጠላውን አደግድጎ ተሰብስቧል። ቅዳሴው ገና አልተጀመረም። አባ ተክሌ መስቀሉን አሳልመው፣ እንደ ወጉ፣ "ጦማችሁን ጠብቃችሁ መጥታችኋል?" ብለው ጠየቁ። ይህ ለወጉ የሚጠየቅ ነው፤ ማንም መልሱን አይጠብቅም። እሳቸውም ለመግባት ዞር ብለው ነበር።

"አባ" አለች እናቴ። "ገድፌያለሁ።"

ዞሩ። "ምን አልሽ?"

"ገድፌያለሁ አባ። ቆሎ ቀምሻለሁ።"

"ረስተሽ ነው?"

እናቴ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሳች። "አልረሳሁም" አለች። ሁሉም ሰማት።

ሴቶቹ "ውይ! ውይ! በስመ አብ!" አሉ። ያን ያህል ሰው ፊት፣ ያን ያህል ድግስ ተደግሶ! ዋሽታ ብትቆርብ ማን ያውቅባት ነበር? እሷ ግን ዋሽታ የምትቀበል ሴት አይደለችም። ለመዋሸት ፈራች፣ ለመቁረብ ፈራች፤ ከሁለቱ ውርደቱን መረጠች። አሁን ሰው ሁሉ አባቴን ማየት ጀመረ፤ ምን ያደርጋት ይሆን ብሎ።  አባቴ ከእግሯ እስከ ራሷ አያትና፣ በኔ ላይ አሻግሮ፣

"ይርገዱ" አላት።

ስሟን ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

"የሽምብራ ቆሎ ነው የቀመስሽው?"

"የሽምብራ" አለች።

"እንስራው ጎን ካለው ቅል?"

"አዎ፣ ከሱ።"

አባቴ፣ "እኔም ከሱ ነው የቀመስኩት" አለ።

እናቴ አፏን ከፍታ አየችው። "አንተ ነህ ለካ ያጎደልከው! አይጥ መስሎኝ!"

አያ ጎሹ ናቸው መጀመሪያ የሳቁት። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሊይዙት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። "ይኸው፣ በስንት ዓመታችሁ ተስማማችሁ!" ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ተከተላቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ደጅ መሆኑን ረስቶ። አባ ተክሌ ብቻ ተቆጡ። "እዚህ ደጅ ላይ! በዚህ ቀን! ሁለታችሁም!" አሉ። ከዚያ ግን አንዴ እሷን አንዴ እሱን አዩና ቁጣቸው በረደ። "ዋሽታችሁ ተቀብላችሁት ቢሆን ለናንተም ለኔም ፍዳ ነበር። እኔም ዝምታችሁን እሺ ብዬ ወስጄ ነው፤ መጠየቅ ነበረብኝ። ንስሐችሁን እሰጣለሁ፤ ለየብቻ ትሰግዳላችሁ። ከእንግዲህ ግን አላስገድዳችሁም" አሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ መሐላቸው ቆሜያለሁ። አንድም ሰው መልእክት አልሰጠኝም። በራሴ ላይ አሻግረው ተነጋገሩ፤ "ማን ነው ለአያ ጎሹ የሙክቱን ነገር የሚነግረው?" "እኔ እነግራለሁ፤ አንቺ ልጆቹን ይዘሽ ቅደሚ።" እንደ ሰው! እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ሴቶቹ "አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ ምስኪን" ይሉኛል። ምኑን አይዞሽ! ከደስታዬ ብዛት ነው የማለቅሰው።

ድግሱ ተበላ። ሙክቱ ታስሮ አይቀር፣ ጠላው አይደፋ። የመጣው ሰው መጀመሪያ ምን ብሎ እንደሚመርቅ ግራ ገብቶት ነበር፤ ሁለተኛው ዋንጫ ላይ ግን አልተቸገረም።

ሁለቱም መፋታት እንደሚፈልጉ ለሽማግሌ ተናገሩ፤ ማካፈሉ ከዚያ በኋላ በመንደሩ ዋንዛ ሥር ሆነ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው እኩል ለእኩል አደረጉት፤ በቅሎዋና በሬዎቹ ለአባቴ፣ ላሞቹና በጎቹ ለእናቴ፣ እህሉ በቁና። ጭቅጭቅ አልነበረም፤ እንዲያውም አባቴ "ጥጃይቱም ከእናቷ ትሂድ" አለ። ወዲያው የኛ ተራ መጣ። እንደ አገሩ ልማድ ወንዱ ለአባት፣ ሴቷ ለእናት። ምትኩ የቀሚሴን ጫፍ በጡጫው ጨብጦ አልለቅ አለ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቀው አባቴ ነው፤ እሱም እያለቀሰ። ለሀና ነግሬያታለሁ፤ "ፊልምሽ እዚህ ላይ ልክ ነው ልጄ። ይሄ ያማል፤ ዛሬም ያመኛል።" እሷም "ታዲያ ምኑ ነው ተመስገን ያሰኘሽ?" አለችኝ። ሰው መለያየቱን ያያል፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ቤት ግን ካሜራ ይዞ የገባበት የለም። ምትኩን በየቅዳሜው ላገኘው እችል ነበር፤ እዚያ ቤት ውስጥ ግን አብረን ተቀምጠን አንድም ቀን ተጫውተን አናውቅም።

እናቴ ላሞቹን ሸጣ ጎንደር ገባች። አዲስ ዓለም ሰፈር እትዬ ዘይነባ ከሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየን። እናቴ ትፈትላለች፣ እትዬ ዘይነባ ይሸጣሉ። ፈትሉን ይዤ ስሄድ ቴምር ያስጨብጡኛል። ግቢው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሰው ይጮሃል፣ ዶሮ ይጮሃል፣ ይሳቃል፤ እኔ ግን እንደዚያ ያለ ሰላም አይቼ አላውቅም ነበር። እናቴ እንዝርቷን እያሾረች ታንጎራጉራለች። እናቴ ድምፅ አላት! አዝማሪ ሰርግ ላይ ሰምታ የያዘችውን ግጥም ጭምር ትለዋለች፤ እትዬ ዘይነባ በመስኮት ብቅ ብለው "እስቲ ያንን ድገሚው" ይሏታል። ሆዴን የሚቆርጠኝም ተወኝ፤ ኮሶ ሳልጠጣ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ግን ፈራሁ። አባቴ ምትኩን ይዞ ለገበያ እንደሚመጣ ሰምተናል። ከማክሰኝት በእህል መጫኛዋ የጣልያን ማኪና በትሬንታ ኳትሮ ላይ፣ ጆንያው አናት ላይ ተቀምጠው ነው የሚመጡት። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ተመልሶ ሊጀመር ነው፣ አሁን "ለእናትሽ በያት" ሊለኝ ነው እያልኩ። ምትኩ ከሩቅ አይቶኝ ሮጠ፤ አቧራ በአቧራ ሆኗል። አባቴ ከኋላው መጣ። እናቴ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"ደኅና ነህ አስረስ? ግባ እንጂ፣ ምነው ቆምክ?"

"ደኅና ነሽ ይርገዱ? ቤትሽ ሸጋ ነው።"

ገባ፣ ተቀመጠ። እኔ አላስፈለግሁም። ከዚያ እናቴ አየት አደረገችውና "ባርኔጣህ የታለ? አዲስ ገዛ ሲሉ ሰምቼ" አለችው። አባቴ ባርኔጣው አዘዞ ሲደርሱ ከማኪናው ላይ ነፋስ እንዴት እንደወሰደበት፣ ሾፌሩን አቁም ብሎ እንዴት እንደጮኸ፣ ሾፌሩ እንዴት "ለባርኔጣ አልቆምም" እንዳለው፣ ከዚያ መንገድ ዳር ያለች አህያ ባርኔጣውን አንስታ ማኘክ ስትጀምር ሾፌሩ ራሱ ሊያይ እንደቆመ ነገራት። "ከዚያስ?" አለችው። "ከዚያማ ግማሹን በላችው፤ ግማሹን ለሷው ተውኩላት" አላት። እናቴ እንዝርቷን ጥላ ሳቀች። እሷ ስትስቅ እሱም ሳቀ፤ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ሪዙ እስኪገለጥ።

የፊት ጥርሶቹ መሐል ክፍት ናቸው። ስንት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር የኖርኩት አባቴ፣ ፍንጭት ኖሯል!

ምትኩን ጎትቼ ወደ ውጪ አወጣሁት። "አባዬ እኮ ፍንጭት ነው!" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ ምትኩ። "እኔም ሰሞኑን ነው ያየሁት።"